ጃንጥላዋን ተከተሉ

እህቴ ሰው ስትመራ ወደ ኋላ ዞር ብላ አታይም። ቀይ ጃንጥላዋን ወደ ላይ ትቀስርና «ጃንጥላዋን ተከተሉ!» ብላ ትነጉዳለች። ከኋላዋ ያለው እንግዳ ብዙም ይሁን ጥቂት፣ ቢያነክስም፣ ፎቶ ሲያነሳ ቢዘገይም የራሱ ጉዳይ ነው። ያም ሆኖ በዚያ ሁሉ ዘመን የአስጎብኚነት ሥራዋ አንድም ሰው ጠፍቶባት አያውቅም። «መሪ ወደ ኋላ ካየ ተከታይ ይጠራጠራል» ትላለች። ስሟን የሚያስታውስ እንግዳ የለም፤ በሄደችበት ሁሉ «ጃንጥላ» ናት። የገበያው መዳብ ቀጥቃጮች፣ የሆቴል ዘበኞች፣ የመሥሪያ ቤታችን አለቃ ሳይቀር ጃንጥላ ነው የሚሏት። እኔ ታናሽ ወንድሟና የአውቶቡሷ ሾፌር ስለሆንኩ «እታለም» እላታለሁ። ስትነዘንዘኝ ደግሞ ምንም አልላትም።

ሥራችን የተከፋፈለ ነበር። እሷ ታወራለች፣ እኔ እነዳለሁ። እንግዶቹን መጀመሪያ ወደ ገበያዋ ከተማ እናደርሳለን፤ በማግስቱ በረሃው አፋፍ ላይ ወዳለችው፣ በግንብ ወደታጠረችው አሮጌ ከተማ እንወስዳቸዋለን፤ በመጨረሻ ወደ አሸዋው። እነሱ ለጉብኝት ሲወርዱ እኔ ጎማ አያለሁ፣ ውሃ እሞላለሁ፣ ከዚያ ካርቶኔን ከአውቶቡሱ ጥላ ሥር አንጥፌ ጋደም እላለሁ። በተለይ በረሃው ላይ፣ እሷ ሰዎቿን ይዛ የአሸዋውን ኮረብታ ስትወጣ የሚወስደኝን እንቅልፍ ያህል ጣፋጭ እንቅልፍ በዓለም ላይ የለም። ሰዎቹ የፀሐይዋን መግባት አይተው ሲመለሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ሳይ «አሸዋ ገብቶባቸው ነው» እል ነበር።

ያቺ በግንብ የታጠረች ከተማ ተወልደን ያደግንባት ናት። መንገዶቿ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፉ፣ እየተጠማዘዙ መልሰው ራሳቸው ላይ የሚወጡ ናቸው። እናታችን ማልዳ ወደ ልብስ ስፌቷ ስለምትሄድ ትምህርት ቤት የምታደርሰኝ እህቴ ነበረች። «ቀሚሴን ያዝ» ትለኛለች፤ «ከለቀቅክ ጠፋህ፤ እኔ እንደሆነ ወደ ኋላ አላይም።» እኔም የቀሚሷን ጫፍ ጨምድጄ እከተላለሁ። የልጅነቴን ከተማ አሳይ ብባል የማውቀው የእህቴን ተረከዝ ነው። ሌላውን ሁሉ ያየችልኝ እሷ ናት።

ከቤታችን ፊት ለፊት ጨርቅ በቀለም እየነከረች የምትተዳደር አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ ከግመል ነጋዴዎች ጋር ወደ በረሃው ወጥቶ ቀረ። ሴትየዋ የእንጨት በሯን በየዓመቱ በዚያው በሰማያዊ ቀለም ታድሰው ነበር፤ «ሲመጣ በሩ እንዳይጠፋው» እያለች። ባልየው አልመጣም። ሴትየዋም ሞተች። ጎረቤቱ ግን እየተጋገዘ በሩን መቀባቱን አልተወም፤ እህቴም ልጅ ሳለች ብሩሽ ይዛ ከታች ያለውን ክፍል ትቀባ ነበር። አስጎብኚ ከሆነች በኋላ ያንን በር ሳታሳይ ያለፈች ቀን የለም። ታሪኩን ስትጨርስ መዳፏን እንጨቱ ላይ ታሳርፍና «እሱ ባይደርስ እኛ ደርሰናል» ትላለች። ይህን ያወቅሁት በአውቶቡሱ ማይክ ስትደጋግመው ነው እንጂ እኔማ ከአውቶቡሱ ሥር ነኝ።

ዓይኗ መድከሙን የደረስኩበት እቤቷ ነው። ውሃ ስትቀዳልኝ ብርጭቆውን ስታ ጠረጴዛውን አጠጣችው። ሳቅሁባት። እሷ አልሳቀችም። ለካ ሐኪም ዘንድ ብቻዋን ተመላልሳ፣ የማይመለስ መሆኑን ሰምታ፣ አፏን ይዛ ተቀምጣለች። የሚታያት ብርሃንና ጥላ ብቻ ሆኗል።

«ታዲያ ሥራውን እንዴት አድርገሽ ነው የምትሠሪው?» አልኳት።

«በእግሬ ነዋ! ግንቡን በእጄ አውቀዋለሁ፣ መታጠፊያውን በሽታው አውቀዋለሁ። ቆዳ ከሸተተኝ ወደ ግራ፣ መዳብ ሲቀጠቀጥ ከሰማሁ ወደ ቀኝ።»

«አለቃችንስ?»

«እሱ እንዳይሰማ!»

አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም። ቢሰማ ግን በዚያው ቀን ከጽሕፈት ቤቱ የስልክ ተቀባይ ወንበር ላይ እንደሚያስቀምጣት ሁለታችንም እናውቃለን። ያኔ እህቴ አንድ ነገር ለመነችኝ፤ ለምና አታውቅም። «አንድ ጉዞ ብቻ። ከተማችንን ላሳይ፣ አሸዋው ላይ ልውጣ፤ ከዚያ ጃንጥላውን ራሴ አስረክባለሁ። እስከዚያ አታጋልጠኝ።»

«አብደሻል እንዴ? ደረጃ ላይ ብትወድቂስ?»

«አንተ ከኋላዬ ትሆናለህ። ደረጃ ሲመጣ ጉሮሮህን ጥረግ። መቆም ካለብኝ ሳል።»

እንዲህ ሆኖ ነው ሲጋራ ቀምሼ የማላውቀው ሰውዬ ሳል ይዞኝ ጉዞ የወጣሁት።

የዚያ ጊዜ እንግዶቻችን የአንድ ጡረተኞች ማኅበር አባላት ነበሩ። ጉልበታቸው የደከመ፣ ምላሳቸው ግን ያልደከመ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች። ከሁሉም ሁለቱን አልረሳም፤ አንዷ ዕድሜዋን በሆስፒታል የፈጀች ነርስ ናት፤ አንዱ ደግሞ ያገኘውን እንጨት ሁሉ በጣቱ ካላንኳኳ የማያልፍ አናጺ።

የመጀመሪያው ቀን በገበያዋ ከተማ መልካም ዋለ፤ ለእህቴ ማለቴ ነው። ጃንጥላዋን ቀስራ በጣራ ሥር ባሉት የገበያ መተላለፊያዎች ውስጥ ስትነጉድ ዓይናማ ነኝ የሚለው እኔ ሁለት ጊዜ ከሸክላ ቁልል ጋር ተጋጨሁ። ደረጃ ሲመጣ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፤ እግሯን አንስታ ታልፋለች። ጋሪ ሲያቋርጥ እስላለሁ፤ ቀጥ ትልና ወሬ የምትጀምር መስላ ስለ መዳቡ ታወራለች። ችግሩ እኔ ላይ መጣ። ነርሷ ከረሜላ ሰጠችኝ። ሌላዋ አሮጊት ዝንጅብል አወጣችልኝ። አናጺው «ሾፌር፣ ማር በሎሚ ነው የሚያሽረው፤ የኔን ምክር ስማ» አለኝ። ማምሻውን ከረሜላና ዝንጅብል ተሸክሜ ስሄድ ሱቅ የምከፍት እመስል ነበር።

ከሆቴሉ ደጃፍ ስንደርስ ነርሷ ክንዴን ያዘችኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ጉሮሮህ ደረጃ ስታይ ብቻ ነው የሚይዝህ። ልብህን ታይተሃል?»

«ደህና ነኝ፣ እናቴ። አቧራው ነው።»

«አቧራው ደረጃ ላይ ብቻ ነው ያለው?»

በዚያው ቅጽበት እህቴ ወደ መግቢያው መወጣጫ ደረሰች። ምን ላድርግ? ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ነርሷ የእህቴን እግር አየች፤ እግሯ ተነሳ። ነርሷ እኔን አየችኝ።  በማግስቱ ግን ከረሜላ አልሰጠችኝም፤ ከእህቴ ትንሽ ኋላ ብላ እየተራመደች፣ የደከማት አስመስላ ክንዷን ያዘቻት። ለዚያች ሴት እስከ ዛሬ ዕድሜ እለምንላታለሁ።

ሁለተኛው ቀን የእኛ ከተማ ነበር። ስንት ዓመት ከግንቡ ውጭ አውቶቡስ አቁሜ እንደተኛሁ እኔ ነኝ የማውቀው፤ በበሩ ገብቼ ጠባቡን መንገድ ስይዝ ግን እርምጃዬ ዘገየ። የመንገዱ ድንጋይ በሰው እግር ብዛት መሐሉ እንደጎደጎደ ነው። የትምህርት ቤታችን ግድግዳ አለ። የውሃው መቅጃ ደርቋል፤ እርጥበቱ ግን አሁንም ይሸታል። ከፊቴ የእህቴ ተረከዝ ይሄዳል። አንድ አፍታ እጄ ቀሚሷን ፍለጋ ሄደ ብል ማን ያምነኛል?

ከዚያ ወደ ሰፈራችን ታጠፍን፤ ፊት ለፊቴ ያለውን ሳይ ክው አልኩ። ሰማያዊው በር የለም። ቦታው ላይ ዐመድማ የብረት በር ቆሟል፤ ከጎኑ የኤሌክትሪክ ደወል ተለጥፏል። ማን እንደቀየረው እንጃ፤ ቤቱ ተሽጦ ሊሆን ይችላል። ለደረጃ ሳል ነበረን፤ ለጋሪ ሳል ነበረን። ለተቀየረ በር የሚሆን ሳል ግን አልተስማማንም። ዝም ብዬ ሳልኩ። እህቴ ቀጥ አለች፤ ደግሞም መቆም የነበረባት እዚያው ነበርና የሳልኩበት ምክንያት አልገባትም።

«ይሄውላችሁ» አለች ጃንጥላዋን ወደ በሩ እየጠቆመች። «የዚህች ከተማ ዕንቁ። ሰማያዊውን አያችሁት? እንደዚህ ያለ ሰማያዊ ሌላ ቦታ አታገኙም። ቀለሙ ብዙ ጊዜ ስለተደራረበ ወፍሯል፤ ከታች በኩል ተላጥቶ የሥሩ ቀለም ይታያል። እዚያ ታች የተንሻፈፈውን የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ልጅ ሆኜ።»

እንግዶቹ ዐመድማውን ብረት አፍጠው ያያሉ። አንዱ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ሌላዋ ምናልባት በሩ ሌላ ይሆናል ብላ ወደ ኋላዋ ዞረች። አናጺው አፉን ሲከፍት አየሁና አለቀልን አልኩ። ነርሷ ከጎኑ ነበረች፤ በክርኗ ጎሸም አደረገችውና ዓይኗን ወደ እህቴ ዓይን ላከች። ሰውዬው የእህቴን ፊት አየ፣ በሩን አየ፣ ደግሞ ፊቷን አየ። አፉን ገጠመ። ከዚያ ጉሮሮውን ሞረድ አድርጎ፣

«እንጨቱ የምንድን ነው፣ እመቤቴ?» አላት።

እህቴ ፊቷ በራ። «ዋርካ ነው ይላሉ፤ አባቴ ግን ዋርካ አይደለም፣ የወይራ ነው ይል ነበር።»

«ወይራ ከሆነማ ይከብዳል። ማጠፊያውስ? ብረት ነው ወይስ እዚያው ከእንጨቱ የወጣ?»

«ከእንጨቱ የወጣ! ሲከፈት ያቃስታል። ማለዳ ሴትየዋ ስትከፍተው ሰፈሩ ሁሉ የሚነቃው በሱ ነበር።»

«አዎን፤ የድሮ ሰው ሥራ ነው። ምስማሩስ?»

«ጭንቅላቱ ትልልቅ ነው። አይታያችሁም? ልጆች ሆነን እንቆጥረው ነበር።»

«ይታያል፤ ይታያል» አለ አናጺው።

«ያምራል» አሉ ሁለት አሮጊቶች ከኋላ። ቀስ በቀስ ሁሉም ወደ በሩ ተጠጉ። እውነት ለመናገር እኔም ማየት ጀመርኩ። የተላጠው ቀለም ታየኝ፤ ሲያቃስት ሰማሁት፤ እናታችን ከወዲያኛው ደጃፍ ስትጣራም የሰማሁ መሰለኝ። እናቴ በጣም ናፈቀችኝ። እህቴ የባልየውንና የሚስቱን ታሪክ እስክትጨርስ ያ ሁሉ ጡረተኛ ትንፋሹን ውጦ ሰማት።

ረሳሁት እንጂ ታሪኩ በመዳፍ ነበር የሚያልቀው። ሳስታውስ ዘገየሁ። «እሱ ባይደርስ…» አለችና እጇን ዘረጋች። መዳፏ ፀሐይ ያጋለው ብረት ላይ አረፈ።

እጇን አላነሳችም። ጣቶቿ ወደ ጎን ሄዱ፣ ደወሉን ነኩ፣ ተመለሱ። «…እኛ ደርሰናል» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። ከዚያ ጃንጥላዋን ቀሰረች። «ጃንጥላዋን ተከተሉ።» ወደ ኋላ አላየችም።

ከከተማዋ ወጥተን የበረሃውን መንገድ ስንይዝ እህቴ ከጎኔ ካለው ወንበሯ ላይ ማይኩን ጭኗ ላይ አስተኝታ ዝም አለች። እሷ ዝም ያለችበት መንገድ ነድቼ አላውቅም። ለዘመናት ወሬሽ በዛ እያልኩ የተነጫነጭኩባት ሰውዬ፣ ያን ዕለት አንድ ቃል ብትናገር ምን በሰጠኋት። በስፖኪዮ ወደ ኋላ አየሁ፤ ማንም አይተኛም፣ ማንም አያወራም። ግራና ቀኙ ጠፍ ምድር ነው። በመጨረሻ ማይኩን አነሳች።

«ወገኖቼ» አለች፣ «ያ በር የለም። እናንተ በዓይናችሁ አይታችኋል፤ እኔ በእጄ ነው ያወቅሁት። ዓይኔ አያይም። ትናንትም ዛሬም ያሳየኋችሁ ልቤ ውስጥ ያለውን ነው፤ ምን ያህሉ እንደቀረ እንጃ። ለመሥሪያ ቤታችን መናገር የሚፈልግ ይናገር፤ አልቀየምም። አስጎብኚ ሆኜ የሌለ ነገር አሳየኋችሁ፤ ይቅር በሉኝ።»

 ከዚያ አናጺው ከኋላ ጮኸ።

«እመቤቴ፣ የብረት በር ለማየትማ ከሰፈሬ መች እወጣ ነበር? የኔም በር ብረት ነው!»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። ነርሷም «ቀጥዪ እንጂ፣ እህቴ፤ መንገዱ ገና ነው» አለች። እህቴ ዓይኗን ጠራርጋ ስለ በረሃው ነጋዴዎች፣ በኮከብ ስለመሄዳቸው፣ ለጉድጓዶቻቸው ስም ስለማውጣታቸው አወራች። ያን ዕለት በልቤ ሰማኋት።

አሸዋው ጋ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። እዚያ ግን የእህቴ ጥበብ ሁሉ አለቀ። አሸዋ የሚዳሰስ ግንብ የለው፣ ደረጃ የለው፣ ሽታ የለው። ነፋሱ ሲያፈርሰውና ሲሠራው ስለሚያድር እግር አያጠናውም። ወርዳ ጥቂት ተራመደች፤ ቆመች፤ ተመልሳ የአውቶቡሱ መወጣጫ ላይ ተቀመጠች።

«አንተ ውሰዳቸው» ብላ ጃንጥላውን ዘረጋችልኝ።

«እኔ? እኔ እኮ ካርቶኔን ላነጥፍ ነው።»

«ሂድ አልኩህ! ፀሐይዋ አትጠብቅህም።»

ጃንጥላውን ይዤ ሰዎቹን አስከትዬ ጥቂት እንደሄድኩ ዞር ብዬ አየሁ። እኔ እንደሷ ጎበዝ መሪ አይደለሁም። እህቴ አንገቷን ቀና አድርጋ ኮረብታውን ታያለች፤ ኮረብታው ግን በዚያ በኩል አልነበረም። ፊቷን ያዞረችው ወደ አውቶቡሱ የኋላ ጎማ ነው።

ከአሸዋው በላይ የከበደኝ እሱ ነው። ጃንጥላውን ለአናጺው ሰጥቼ ተመለስኩ።

«ተነሽ።»

«ምን ሆነህ ተመለስክ?»

«ተነሽ አልኩሽ፣ እታለም። ኮቴን ያዢ። ከለቀቅሽ ጠፋሽ፤ እኔ እንደሆነ ወደ ኋላ አላይም።»

ቃሏን ስታውቀው ጊዜ ሳቀች። የኮቴን ጫፍ ጨምድዳ ያዘች። አሸዋው እየተናደ፣ አንዴ ሄደን ሁለቴ እየተንሸራተትን፣ ሁለት አሮጌ ልጆች ወጣነው። እንግዶቹ ጥግ ይዘው መሐሉን ለቀቁልን።

«ንገረኝ» አለች ጫፉ ላይ ስንቀመጥ።

«ፀሐይ እየገባች ነው።»

«እሱንማ ሙቀቱ ፊቴ ላይ ቀዝቅዞ ነገረኝ። ምን ትመስላለች?»

በማይክ የምትለው ትዝ አለኝ። «ፀሐይ ጫማዋን አውልቃ አሸዋው ውስጥ…»

«እሱ የኔ ነው! የራስህን አምጣ።»

አየሁ። ስንት ዘመን ከሥሩ ተኝቼ ያመለጠኝን አየሁ። «ቀይ ነው።»

«ቀይ ብቻ?»

«ቀይ… ከፊትሽ ያለ መኪና ጭጋግ ውስጥ ፍሬን ሲይዝ እንደሚታየው መብራት።»

ሳቋ እንግዶቹን አዞራቸው። «ጎሽ፣ ሾፌር! ከኋላችንስ?»

ዞርኩ። ፀሐይዋ ከሄደችበት በተቃራኒ ያለው ሰማይ ሌላ መልክ ይዞ ነበር። እሷን ለማስደሰት የዋሸሁ እንዳይመስልብኝ ደግሜ አየሁት።

«ሰማያዊ ነው።»

«ምን ዓይነት ሰማያዊ?»

«የበሩ።»

«አዲስ የተቀባ ሰሞን?» አለችኝ።

«አዲስ የተቀባ ሰሞን።»

«እርጥብ ሳለ?»

«እርጥብ ሳለ፣ እታለም።»

ጃንጥላውን ከአናጺው ተቀብላ በጉልበቶቿ መሐል አቁማ፣ ሰማያዊው እስኪጠፋ ድረስ ፊቷን ወደዚያ አድርጋ ተቀመጠች። እንደጠፋ አልነገርኳትም።

ስንወርድ ኮቴን ያዘች። ግማሽ መንገድ ላይ «አንተዬ» አለችኝ ከኋላዬ።

«አቤት።»

«ያኔ ወደ ኋላ አላይም ያልኩህ ውሸቴን ነበር። በየመታጠፊያው ዞር ብዬ አይህ ነበር። አንተ ተረከዜን እያየህ ስለነበር አታውቅም።»

 መልስ ልሰጣት አስቤ ጉሮሮዬ አልከፈት አለኝና ጠረግሁት።

እህቴ በዚያ ልሙጥ አሸዋ ላይ እግሯን ከፍ አድርጋ አንስታ ቆመች።

«ደረጃ አለ?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት። «ዝም ብለሽ ነይ።»